የወይዘሮ አየሁሽ አውድማና የመረብ ኳሱ

ሰው እህቱን ይወዳል ይባላል። የሚወዳት ግን ከእሱ ያነሰች ጊዜ ነው።

ወይዘሮ አየሁሽ በ1973 ዓ.ም. ጥር ጊዮርጊስን ለማንገሥ ሞጣ ከእህታቸው ከማናለሽ ዘንድ ሰንብተው፣ ቢቸና ላይ ከጭነት መኪና ሲወርዱ ፊታቸው በርበሬ መስሎ ነበር። ሁለት ሆነው ሄደው ብቻቸውን መመለሳቸው ነው። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደጓት የልጅ ልጃቸው ባንቺዓለም «እኔ አልመለስም፤ እዚሁ እማራለሁ» ብላ ከማናለሽ ቤት ቀርታባቸዋለች።

የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ደምለው መንገድ ዳር ቆሞ ነበር። የጎረቤታቸው የፈንታነሽ ልጅ ነውና ሮጦ ዘምቢላቸውን ተቀበለ።

«እንደምን ሰነበቱ፣ እማማ? ንግሡ እንዴት ነበር?»

«ንግሡ ደህና ነው። ሰዎቹ ናቸው የከፉት።»

«ባንቺዓለምስ?»

«ወሰደቻታ! ድሮም እኔ ነጭ ነጠላ ስገዛ ማናለሽ ባለ ጥለት ትገዛ ነበር። አሁን ደግሞ ልጄን! በምን እንዳታለለቻት ታውቃለህ? በመረብ! ሁለት እንጨት ተክለው፣ መሃሉ ላይ መረብ አንጠልጥለው፣ ልጃገረድ ሁሉ እንደ ፌንጣ ይዘልበታል። ማናለሽ ደግሞ እግሯን ዘርግታ ‹ለሞጣ ሰው መንግሥት ይሠራለታል፤ እናንተን ማን ያያችኋል?› አትለኝም መሰለህ? ለመሆኑ እናንተ ማዘጋጃ ቤት ወንበር ነው የምታሞቁት?»

ደምለው ሳቁን ዋጠ። የተማረ ልጅ ሲሳደቡት የማይቆጣ ከሆነ ትምህርቱ ሠርቶለታል።

«እማማ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ጽፈናል። መልሱ አንድ ነው፤ በጀት የለም። ያለችውም ለምንጩና ለመንገዱ አልበቃችም። መጫወቻ ስንል ‹ሕዝቡ ውኃ ሳይጠጣ?› ይሉናል። እውነታቸውን ነው።»

«እንግዲያው ዝም በላ። ላም አለኝ በሰማይ ምን ያደርግልኛል?»

«ዝም እንዳልል የሞጣውን አይቻለሁ። እማማ ማናለሽ አልነገሩዎትም እንጂ፣ መጫወቻውን መንግሥት አልሠራውም። ከማዘጋጃ ቤት የመጣው አንድ ኳስ ብቻ ነው። ሜዳውን የደለደለው የሰፈሩ ሰው በደቦ ነው። እሳቸው ራሳቸው ድንጋይ አዝለው ሲመላለሱ በዓይኔ አይቻለሁ።»

ወይዘሮ አየሁሽ መንገዱ መሃል ቀጥ አሉ። «ማን? ማናለሽ? ያቺ ውኃ እንኳ በሰው የምታስቀዳዋ?»

«እሳቸው።»

ቅናት ኃጢአት ነው ይላሉ ቄሶቹ፤ ልክ ናቸው። ነገር ግን ምክር ሃያ ዓመት ጎትቶ ያላስነሣውን ሰው ቅናት ባንድ ቀን ያስነሣዋል። ወይዘሮ አየሁሽ ከዚያ ወዲያ የረገጡት እርምጃ የወጣት እርምጃ ሆነ። እንዲህ ሲገሰግሱ ከቤታቸው ጀርባ ካለው አውድማ ደረሱ። ውቂያው አልቆ ገለባው ተነሥቷል፤ መሬቱ እንደ ገበታ ለጥ ብሏል። ደምለው ዘምቢሉን አስቀመጠና ዳር ዳሩን በእርምጃው ለካው።

«ምን ትለካለህ? መቃብሬን ነው?»

«አይቆጡኝ እንጂ፣ እማማ፣ በቢቸና ለመረብ ኳስ እንደዚህ የተስማማ መሬት የለም። ከየካቲት እስከ ጥቅምት ሥራ ፈትቶ ነው የሚቀመጠው።»

«አፍህን ያዝ! አውድማ እኮ ነው! ጫማ ተደርጎ አይገባበትም። ሴት ልጅ ቀሚሷን እያውለበለበች ስትፈነጭበት በረከቱ አይሸሽም?»

«ምርት ባለበትማ ማን ይደፍራል? ምርቱ እኮ ጎተራ ገብቷል። አሁን እዚህ የሚፈነጨው የሰው አህያ ነው። አህያ ሲንደባለልበት ያልሸሸ በረከት ከልጅ ጨዋታ ይሸሻል?»

ወይዘሮዋ ወደ ሌላ ዞሩ። «መሬቱን መንግሥት ወስዶታል። አውድማውን ግን ባሌ ነው በጀርባው አፈር እየተሸከመ የደለደለው። ደግሞስ ከፈለጋችሁ በቀበሌ አትወስዱትም? ምን ያስለምናችኋል?»

«መውሰድማ ይቻላል። ግን በግድ የተወሰደ ነገር ጠባቂ የለውም፤ ባለቤቱ እያየ ይፈርሳል። ገንዘብ የሌለው ከተማ ያለ ሰው ፈቃድ አንድ እንጨት እንኳ አያቆምም። ይስሙኝማ፤ ባልዎ ካረፉ ወዲህ ለውቂያ በየዓመቱ የሰው ደጅ ይጠናሉ። ወጣቶቹ ገንዘብ የላቸውም፤ ክንድ አላቸው። ኅዳር ሲመጣ እንጨቱን ነቅለው፣ ሣሩን ፍቀው፣ አውድማውን በእበት ለቅልቀው ያስረክቡዎታል። ጤፍዎንም ይወቁልዎታል። ኪራዩ ይኸው ነው።»

«ቢከዱኝሳ?»

«በቀጣዩ ዓመት ይከለክሏቸዋላ። የሚፈልጉት ነገር በእጅዎ ነው።»

«መረቡን ማን ይገዛል?»

«ከቃጫ ገመድ ይሠራል። እናቴ ታውቅበታለች።»

ወይዘሮ አየሁሽ አውድማውን ዞረው አዩት። ባላቸው ታወሳቸው። ቀጥሎ ባዶው ቤታቸው፣ ቀጥሎም ድንጋይ ያዘለችው ማናለሽ ታዩዋቸው።

«ሞጣ ያለው ምን ያህል ይሰፋል?»

«ከዚህ ያንሳል።»

«እንግዲያው ቅዳሜ ኑ» አሉ።

ቅዳሜ ደምለውና ወጣቶቹ ሲመጡ ወይዘሮዋ ቀድመው ነበር። ከባሕር ዛፋቸው ሁለቱን አስቆረጡ። እንጨቱ ሲተከል «ጠመመ! አቃኑት! የሞጣው ቀጥ ያለ ነው!» እያሉ ሰውን አሰለቹት። ለማዘጋጃ ቤቱ የቀረው ኳስ መግዛት ብቻ ሆነ፤ ያቺ ያለችው ጥቂት ገንዘብም ለምንጩ ተረፈች። ጠላ ቤት ዳር ካርታ ሲጫወት የሚደባደበው ጎረምሳ ተራ ለመያዝ በጊዜ መምጣት ጀመረ። ልጃገረዶቹም ከትምህርት ቤት መልስ የሚውሉበት፣ እናት የምታያቸው ቦታ አገኙ። ከተማ በጀት ሲያጣ ያጣው ገንዘብ ነው፤ ሰው፣ እንጨትና ባዶ የሚውል መሬት አላጣም። ይህን የማያይ ሹም አሥር ደብዳቤ ቢጽፍ ቀለም ጨረሰ እንጂ ሥራ አልሠራም።

ከፋሲካ በኋላ የሞጣ ልጃገረዶች ሊገጥሙ በጭነት መኪና መጡ። ማናለሽም አብራ መጣች። ባንቺዓለም ለሞጣ ተሰለፈች፤ ቢቸናም ተሸነፈች። ወይዘሮ አየሁሽ ቀኑን ሙሉ ከእህታቸው ጎን ተቀምጠው ጥርሳቸውን ነከሱ።

ሲመሽ ሞጣዎች መኪናው ላይ ወጡ። «ነይ እንጂ ባንቺ፣ ቦታ ይዤልሻለሁ!» አለች ማናለሽ።

ልጅቱ ከታች ቆማ ቀረች። «እማማ ማናለሽ፣ መረብ ኳስ የስድስት ሰው ጨዋታ ነው። የቢቸናዎቹ ግን ዛሬ በአምስት ነው የተጫወቱት» አለች። «አንድ ሰው ጎድሏቸዋል። እኔ ደግሞ አገሬ እዚህ ነው፤ መጫወቻ ካለ ሞጣ ምን አደርጋለሁ?»

የማናለሽ ዓይን ከልጅቱ ወደ አውድማው፣ ከአውድማው ወደ እህቷ ተንከራተተ።

ወይዘሮ አየሁሽ ወደ መኪናው ጠጋ ብለው እጃቸውን ዘረጉ። «የልጄን ቦርሳ አቀብዪኝ፣ እህቴ» አሉ። «ሾፌሩን አታስጠብቂው።»