ባንኩ እናትን ሲያስፈቅድ

ትራም ላይ አማርኛ የሚሰማ የለም ብሎ እንደ ልቡ የሚያወራ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ፈረንሳይኛ በሚነገርበት በምኖርበት ከተማ፣ ከኮርናቫን ጣቢያ ወደ ሜራን ሰፈር ስሄድ ፊት ለፊቴ አንዲት እናትና አሥራ ሁለት ዓመት የሚሆናት ልጇ ተቀምጠዋል። ልጅቷ በስልኳ የባንክ ሒሳብ ልትከፍት ትፈልጋለች፤ የባንኩ ድረ ገጽ ደግሞ የልጅ መረጃ የሚቀበለው ወላጅ አንብቦ ሲፈቅድ ብቻ ነው። እናትየዋ ፈረንሳይኛ አታነብም።

«ምን ይላል?»

«እሺ በይ ይላል።»

«ይሄ ሁሉ ጽሑፍ?»

«ዊ፣ ማሚ። በጣም እሺ በይ ይላል።»

«አንቺ ቀጣፊ! ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ።»

«ስሜን፣ የተወለድኩበትን ቀን፣ የት እንዳለሁ ያያሉ።»

«እኔ ስደውል የት እንዳለሽ አትነግሪኝ፣ ለባንክ ልትነግሪ ነው?»

«ባንክ አይጮህም።»

«ቀጥይ!»

«ከዚያ ለፓርቴኔር ይሰጣሉ።»

«እሱ ደግሞ ማነው?»

«እኔ እንጃ። የባንኩ ጓደኞች።»

«ስንት ናቸው?»

«አልጻፉም።»

«ያንቺን ጓደኞች እንኳን የማን ልጆች እንደሆኑ ሳልጠይቅ ቤቴ አላስገባም!»

«የሳምሪ እናት ግን ወዲያው ነው እሺ ያለችው።»

«ማን አነበበላት?»

«... ሳምሪ።»

እናትየዋ ስልኩን ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

እኔ ማስረዳት የሚወደው መምህር፣ ፓርቴኔር ማለት ከባንኩ ጋር የሚሠሩ ድርጅቶች እንደሆኑ ልነግራቸው አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት፤ እኔም ስልኬ ላይ እሺ ያልኩትን አንዱንም አንብቤ አላውቅም። እስቲ እናንተም ስልካችሁ ላይ እሺ ካላችሁት ጽሑፍ አንዱን ለእናታችሁ በአማርኛ አንብቡላት።