አባቴ ያላሳለሙኝ መስቀል

አባቴ ጎረቤላ በምትባል ትንሽ ከተማ ቄስ ናቸው። የቄስ ልጅ የሆናችሁ ታውቁታላችሁ፤ ከመንገድ ስትገቡ መጀመሪያ መስቀል ትሳለማላችሁ፣ እህል ውሃው ከዚያ በኋላ ነው። አስራ ሁለተኛን ጨርሼ ደብረ ብርሃን የዓለም ሃይማኖቶችን መማር ከጀመርኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ስመለስ ግን ጎንበስ ብዬ ብጠብቅ መስቀሉ ከኪሳቸው አልወጣም። እንደ እንግዳ እጄን ጨበጡኝ።

«አባባ፣ መስቀሉስ?» አልኳቸው።

«ቁርኣኑንም የሕንዱንም ታነባለች አሉኝ።»

«ላውቅ ብዬ ነው እንጂ እምነቴን አልተውኩም። የምኖረው በእሱ ነው።»

መስቀሉን አወጡና ሳያቀርቡልኝ ያዙት። «እሺ ልጄ፣ እውነተኛው የቱ ነው?»

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ቸኩሎ መመለስ አይወደድም። እኔም ልማድ ሆኖብኝ «እሱ እንግዲህ...» ብዬ አንገቴን ደፍቼ አሰብ አደረግኩ። ቀና ስል መስቀሉ ኪሳቸው ተመልሷል።

ስሄድ መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝ። ሚኒባሱ ሳይነሳ ተሳፋሪው በየመስኮቱ እየተንጠራራ «ያሳልሙኝ አባቴ» አላቸው፤ የማያውቁትን ሁሉ አሳለሙ። እኔ መስኮት ጋ ሲደርሱ «በሰላም ግቢ» አሉኝ።