ያልተመሰከረ መሬት

ባለፈው ዓርብ ከአርብ ገበያ ስመለስ፣ ከሁለት ዓመት በፊት በፈረሰው ድልድይ አጠገብ ጩኸት ሰምቼ ከመንገዴ ወጣሁ። የሚጮኹት የድልድዩ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ የድጓው መምህር የኔታ ቀለመ ወርቅ ናቸው። የሚጮኹባት ደግሞ ሰናይት የምትባል ወጣት መሐንዲስ ናት፤ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ለብሳ ከአንድ ጥልቅ ጉድጓድ አፍ ላይ ቆማለች።

«ድፈኚው! ሰኞ ግንበኛው ገብሬ መሠረት ይጥላል። ሳምንት ሙሉ እንደ ፍልፈል ስትቆፍሪ ሰነበትሽ። ለመሆኑ ሥራሽ ምንድን ነው?»

«የአማካሪ መሐንዲሶች ድርጅት ባልደረባ ነኝ፣ የኔታ። አፈር እንመረምራለን፣ ንድፍ እናወጣለን፣ ግንበኛውም በንድፉ መሥራቱን እንቆጣጠራለን።»

«አማካሪ! ምክር በየደጀ ሰላሙ በነጻ በሚገኝበት አገር ምክር ይዛችሁ መጣችሁ?»

ገበያተኛው ሳቀ። አካፋውን ተደግፎ የቆመው ገብሬም ሳቀ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። የቀድሞው ድልድይ የተሠራው እንዲሁ እየተሳቀ ነበር። በነሐሴ ሙላት ሲናድ ይታይሽን ከነአህያዋ ይዟት ሄደ፤ የየኔታን የእህት ልጅ። በቀብሯ ላይ «የእግዜር ቁጣ ነው» ተባለ፤ ሁሉም አሜን ብሎ ተበተነ። ሲሚንቶውን ያቦካው እግዜር ነው? ወንዙ የሚጠብበትን ቦታ በዓይኑ ለክቶ «እዚህ ይበቃል» ያለውስ እግዜር ነው? የራስን ስንፍና ለፈጣሪ ማሸከም ትሕትና አይደለም፤ ድፍረት ነው!

ይህንኑ ጮክ ብዬ ተናገርኩ።

«አስተማሪው! አንተ ደግሞ ከየት በቀልክ?» አሉ የኔታ። «ገብሬ ስንት ቤተ ክርስቲያን ያነጸ ሰው ነው!»

«ዓለት ላይ ነዋ ያነጸው» አለች ሰናይት። «እርስዎ ቤትዎን ዋልካ ላይ ይሠራሉ፣ የኔታ?»

«ምን አበድኩ? በበጋ ተሰንጥቆ ዱላ የሚውጥ፣ በክረምት የሚያብጥ አፈር ላይ!»

«ይህ ጉድጓድ ሦስት ሜትር ወርዶ አሁንም ዋልካ ነው። ላዩን ያለው ጠጠር ጎርፍ ያመጣው ነው፤ ሰው የሚያታልለው እሱ ነው።»

የኔታ ግን እጅ አልሰጡም። «እናንተስ አትሳሳቱም?»

«ተሳስተናል እንጂ። ድርጅታችንን የመሠረቱት ኢንጂነር ታፈረ የዛሬ ሃያ ዓመት እስቴ ውስጥ በአንዲት የኪራይ ክፍል ሲጀምሩ፣ ሰው አቻኩሏቸው ስማዳ ላይ ለሚሠራ ትምህርት ቤት አፈሩን ሳያዩ ፈረሙ። ግድግዳው በዓመቱ ተሰንጥቆ ወደቀ። ደግነቱ ክረምት ነበር፤ ልጆቹ ቤታቸው ናቸው። ከግድግዳው የወደቀ አንድ ድንጋይ ዛሬም ጠረጴዛቸው ላይ አለ። አዲስ የተቀጠረ ሁሉ መጀመሪያ እሱን ያነሣል። ‹ሳንቆፍር አንፈርምም› የምንለው ከዚያ ወዲህ ነው።»

«የኔታ» አልኩ እኔ፣ «አንድ ደቀ መዝሙር ድምፁ ስላማረ ብቻ ድጓ ያስተምራል?»

«ድጓ ወደሚመሰከርበት ቤተ ልሔም ሄዶ ሳያስመሰክር? ማን ፈቅዶለት!»

«ዜማው ቢሳሳት የሚያዝነው ጆሮ ነው። መሠረቱ ሲሳሳት ግን የሄደችው ይታይሽ ናት። ለድጓ ምስክር የሚጠይቅ አገር፣ ሰው ለሚሻገርበት መሬት ምስክር አይጠይቅም?»

ስሟን በማንሣቴ የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ጋቢያቸውን ለሰናይት አቀብለው በመሰላሉ ወደ ጉድጓዱ ወረዱ። ጭብጥ አፈር ይዘው ወጡ። ሲጨምቁት በጣቶቻቸው መካከል እንደ ሊጥ ወጣ።

«ያኔም ቦታውን የመረጥኩት እኔ ነበርኩ» አሉ ቀስ ብለው። «ጠጠሩን አይቼ ‹ጽኑ ነው› ያልኩት እኔ። በቀብሯ ላይ የእግዜር ቁጣ ያልኩትም እኔው።»

ወደ ሰናይት ዞሩ።

«ጽኑ መሬት አግኝተሻል፣ ልጄ?»

«ስልሳ እርምጃ ወደ ላይ ዓለት አለ። ወንዙ እዚያ ስለሚሰፋ ድልድዩ ይረዝማል፤ ለዘንድሮ ክረምት አይደርስም።»

«አይድረስ። ገብሬ፣ ሰኞ አትምጣ! እሷ ስትመሰክር ትመጣለህ።»

ያ ድልድይ ዓለት ላይ ሲቆም ነፍሰ ጡር በነሐሴም ወደ ጤና ጣቢያ ትሻገራለች፤ ተማሪ ሙላት እስኪጎድል ከትምህርቱ አይቀርም፤ ገብስ የጫነም ገበያ ይደርሳል። አንተም አንባቢ፣ በቀየህ ድልድይ ሲሠራ ግንበኛው ማን እንደሆነ ከመጠየቅህ በፊት መሬቱን ማን እንደመሰከረለት ጠይቅ። «እግዜር ያውቃል» የሚል መልስ ከሰጡህ አትሻገር!

የኔታ ያን ጭብጥ ዋልካ አልጣሉትም። በጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረው ሄዱ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ያኔ «የእግዜር ቁጣ» ባሉበት ዓውደ ምሕረት ላይ ቆመው ቋጠሮውን በሕዝቡ ፊት ፈቱት።