የአባቱ ባርኔጣ

ከደብረ ሲና ወደ ሸዋ ሮቢት በሚወርደው አውቶብስ፣ ቆዳውም ፀጉሩም ነጭ ሆኖ የተወለደ ገበሬ ከፊቴ ተቀምጧል። ጆሮው በፋሻ ታስሯል፤ ሰፊ ባርኔጣ ጭኑ ላይ አስቀምጧል። አጠገቡ ያሉት ማሾ ነጋዴ ሴትዮ ዝም ማለት አልቻሉም።

«ጆሮህን ማን ነከሰው? ሚስትህ ናት?»

«ፀሐይ ናት፣ እትዬ። ነቀርሳ ጀምሮኝ ኖሮ ሐኪሙ ቆርጦ አወጣልኝ። ከፀሐይ ካልተከለልክ ይመለስብሃል ብሎኛል።»

«ታዲያ ባርኔጣው የሚከልለው ጭንህን ነው?»

«የአባቴ ነው። እኛ ዘንድ ሰፊ ባርኔጣ ያደረገ ሁሉ ባላባት ነው ይባላል። ባለፈው አድርጌው ለአረም ብወጣ፣ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር በሰው ፊት አስወለቀኝ።»

«እሱ ራሱ ሲያዛችሁ የት ይቆማል?»

«ዋርካው ጥላ ሥር።»

«ወላሂ፣ እንግዲያው ፀሐይዋን አድኃሪ ናት ብለህ ክሰሳት!»

«ኧረ ቀስ ይበሉ፣ እትዬ! ሰው ይሰማል።»

«ይስማ! ይልቅ ባርኔጣው ላይ ዙሪያውን ቀይ ጨርቅ ስፋበት።»

«ቀይ?»

«አዎ፣ በየሰልፉ እንደሚያውለበልቡት። አውልቅ ሲልህ ‹ጓድ ሊቀ መንበር፣ አብዮቱን ነው የምታስወልቀኝ?› በለው። እስቲ ይድፈርህ!»

ገበሬው ፋሻውን ይዞ እስኪያመው ሳቀ። ከዚያ ባርኔጣውን አገላብጦ አየው።

«ቀይ ጨርቅስ ከየት አመጣለሁ?»

እኔም የዘንቢሌን አፍ ያሰርኩበትን ቀይ መቀነት ፈትቼ በትከሻው በኩል አቀበልኩት።