የእትየ ዘይነብ ዝምታ

ያቺ ቀልዴ ያመጣችብኝን ልንገራችሁ። መርሳ ከተማ ልብስ ስሰፋ የጎረቤቴ የእትየ ዘይነብ ዶሮ እንቁላሏን ጥላ ጥላ አልታቀፍ አለች። «ምን ላድርጋት?» ሲሉኝ ሳቄን ውጬ፣ «ባለቤቷ ዝም ካላለ ዶሮ አትታቀፍም። እንቁላሉ ላይ እስክትተኛ ድረስ አንድ ቃል እንዳይተነፍሱ!» አልኳቸው። በማግስቱ ባላቸው ጋሽ ሰይድ ዱላቸውን እንደያዙ ከች አሉ። «ዘይነብ አንደበቷ ተዘጋ! ድግምት ያሠራብኝ ሰው አለ። ወላሂ፣ ማን እንደሆነ ባወቅሁ!»

ተከትያቸው ስገባ ቤታቸው በሰው ተሞልቷል፤ የቀበሌው ሊቀመንበር ሳይቀር መጥቷል። ሴቶቹ ያለቅሳሉ፤ እትየ ዘይነብን ወልድያ ሆስፒታል የሚወስድ ሚኒባስ ደጅ ቆሟል። እትየ ዘይነብ አፋቸውን ገጥመው ዓይናቸውን እኔ ላይ ተክለዋል። ብናገር ዱላው አለ፤ ዝም ብል ሴትዮዋን ምንም ሳይሆኑ ሆስፒታል ሊያስተኟቸው ነው። «እኔ ነኝ! ስለ ዶሮዋ ስቀልድ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ጋሽ ሰይድ ዱላቸውን አነሱ፤ እኔም ዓይኔን ጨፈንኩ። ይሄኔ እትየ ዘይነብ ብድግ ብለው ጥግ ያለውን ቅርጫት አሳዩን። ዶሮዋ ክንፏን ዘርግታ እንቁላሉ ላይ ተኝታለች። «ተው ሰይዴ! ልጁ ያለው ልክ ነው፤ ይኸው ታቀፈችልኝ!» አሉ።

ከዱላው ተረፍኩ። ከዚያ በኋላ ግን ሳምንት ሙሉ የሰፈሩን ሴቶች ሰላም ስል የሚመልስልኝ ጠፋ። ዶሮ እያስታቀፉ ይሁን አኩርፈውኝ እንዳልጠይቅ፣ ማን አፉን ከፍቶ ይመልስልኛል?