እጄ ላይ የቀረው ጉርሻ

ልጅ እየገረፍኩ ነው ያሳደግሁት፤ አልደብቃችሁም። በእኛ ቤት ግን የተገረፈ ልጅ ጉልበቴን ስሞ ይነሳል፣ እራት ሲቀርብም የመጀመሪያው ጉርሻ የእሱ ነው። ልጄ ይታይሽ ጥጃ ለቅቃ ላሚቱን ያስጠባች ዕለት እንኳ ክፉኛ ገርፌያት፣ ጉርሻዋን በልታ እየሳቀች እግሬ ሥር ተኛች።

በጣልያን ጊዜ ቡሬ ገበያ ይዣት ወጣሁ። አንድ የጣልያን ሹም ሲያልፍ ገበያተኛው ሁሉ እጁን አንስቶ ሰላምታ ሰጠ። ይታይሽ ዶሮ በሁለት እጇ አቅፋ ስለነበር ዝም ብላ ቆመች። ሹሙ አፈጠጠባት። አስተርጓሚው ወደ እኔ ዞሮ፣ "አባቷ አንተ ነህ? ግረፋት ይልሃል፤ አለዚያ ወታደሩ ይገርፋታል" አለኝ። ከወታደሩ የእኔ ይሻላታል ብዬ ሹሙ "ይበቃል" እስኪል ድረስ በገዛ አለንጋዬ ገረፍኳት። ዶሮዋን አልለቀቀችም።

እራት ላይ እንደ ልማዳችን ጠቅልዬ ዘረጋሁላት። አፏን አልከፈተችም።

"አባዬ፣ ምን አጥፍቼ ነው የገረፉኝ?" አለችኝ።

ጉርሻው እጄ ላይ ቀረ።

ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን መትቻት አላውቅም። እሷም አንድም ቀን አላጠፋችም፤ ስትስቅም አላየኋት። ራሴን ለማከክ እጄን ሳነሳ እንኳ ተንበርክካ ጀርባዋን ትሰጠኛለች። ጎረቤቶቼ ደግሞ፣ "ልጅ ማሳደግ እንደ እርስዎ ነው!" እያሉ ያመሰግኑኛል።