የሞተ ሰው ስም

ከደባርቅ በታክሲ ስንነሳ፣ ከፊቴ የተቀመጡትን ሽማግሌ ገበሬ የተማሪ ደብተር ያቀፈች መምህርት ታዋራቸው ጀመረች።

«ወዴት ነው አባባ?»

«ዳባት። የሟች ጎረቤቴን ልጆች ልጠራ ነው። በየዓመቱ አንዳንድ ትልም እየጨመርኩ የአባታቸውን ድንበር ገፍቼ ነበር።»

«መሬቱን ሊመልሱላቸው?»

«እሱንማ አምና መለስኩ። ደግነት መስሏቸው ጉልበቴን ሳሙ።»

«ታዲያ ምን ቀረዎ?»

«የአባታቸው ስም። ሽማግሌ ፊት ሲከሰኝ ‹ይዋሻል› ብዬ ማልኩ። አገሩ እኔን አመነ፤ እሱ ውሸታም እንደተባለ ሞተ።»

«ለነፍስ አባትዎ አልተናዘዙም?»

«ተናዝዣለሁ። ግን የማልኩት በሰው ፊት ነው ልጄ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እዚያው ደብራችን፣ በሰው ፊት እናገራለሁ። ልጆቹም ቆመው ይስሙ።»

«በስተርጅና ስምዎ ሊጠፋ!»

«ይጥፋ። እሱ እኮ ከጌታ ፊት ቀድሞኝ ደርሷል። ምን ብዬ ነው አጠገቡ የምቆመው?»

ዳባት ላይ «ወራጅ አለ» ብለው ሲወርዱ ከመቀመጫዬ ብድግ ብዬ እንደነበር የታወቀኝ፣ ታክሲው ከተነሳ በኋላ ነው።